ሳጥኔን ሊያመጡ ጉና የወጡት አባቴ

ከጉና ማረፊያ
ሰኔ 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

የማከብርዎትና የምወድዎት አባቴ መምህር ይሻው፣

ክረምቱ እንዴት ያዘዎት? ወገብዎትስ? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን ፋንታው በመኪናው ድንች ሊጭን ሲመጣ ሰጠኝ። ይህንንም እሱው ወደ ጎንደር ሲያልፍ ይፋግ ላይ ያደርስልዎታል። ስልክ የማልደውለው ንቄ እንዳይመስልዎት። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ከማረፊያው በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እዚያም ንፋሱ ቃሉን ከአፍ ይነጥቃል።

ስለ ሥራዬ ለጠየቁኝ፣ የሚያሳፍርዎት ነገር የለውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባሕር ዳርና ከጎንደር፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ለዕረፍት ይመጣሉ። ቤቱን የሠሩት አቶ አዳነ «እንግዳ ተኝቶ ብቻ እንዳይሄድ» ብለው የጨዋታውን ነገር ለእኔ ሰጡኝ። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ በፈረስ እናወጣቸዋለን። የሚችል በእግሩ ረጅሙ የጅብራ ተክል እስከሚበቅልበት ድረስ ይሄዳል። ባምላኩ የሚባል የዚሁ አገር ሰው ጅራፍ ማስጮህ ያስተምራቸዋል፤ ትልልቅ ሰዎች የገዛ ጆሮአቸውን እየገረፉ ሲስቁ ቢያዩ! ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ምድጃ ከበን ድንች በፍም እንጠብሳለን፣ ገበጣ እንጫወታለን፣ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። ሰማይ ጠርቶ የዋለ ቀን ጣና ከሩቅ ያብለጨልጫል። እኔም ይፋግ በየት በኩል እንደሆነ ለእንግዶቹ በጣቴ አሳያለሁ፤ እርስዎ ግን አይታዩኝም።

ፈረሶቹ የእትዬ አሰለፈች ናቸው። እዚሁ ጉና ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከባምላኩ ጅራፍ ቀድሞ ይሰማል። ባለፈው አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ኮርቻው አጠገብ ቆሞ፣

«እማማ፣ ይህ ፈረስ ሰው ይጥላል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱ እንኳ አይጥልም። ሰው ራሱ ነው የሚወድቀው» አሉት።

ሰውየው እስኪበቃው ሳቀና ፈረሱ ላይ ወጣ። ኩዌት ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። አክስቴ ብዙነሽን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ዓይናለም


ይፋግ
ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም፣

ደብዳቤሽን መጀመሪያ እንደ አባት፣ ቀጥሎ እንደ መምህር አነበብኩት። እንደ መምህር ጽሕፈትሽ ተሻሽሏል። እንደ አባት ግን «እኔ ደኅና ነኝ» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ከኩዌት በላክሽልኝ ደብዳቤ ሁሉ ይህች ቃል ነበረች። እኔም አምኜ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ደኅና ናት» ስል ከረምኩ። የተቀበልኳት ልጅ ግን ከስታ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጥ ልጅ ነበረች። ምን እንደደረሰብሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም፤ እኔም አላስጨነቅሁሽም። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ ሰው ስታስደስቺ እንድትኖሪ ልቤ አልፈቀደም። ክረምቱን ጨርሺና ውረጂ። እናትሽ ብትኖር የምትልሽ ይህንኑ ነበር።

ብዙነሽ ደኅና ናት። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላት የባንኩ ሰውዬ ጋ ስደርስ ሳቋ አላስቀጥል አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። የሴትዮዋ መልስ ግን ጥሩ መልስ ነው።

አባትሽ ይሻው


ከጉና ማረፊያ
ሐምሌ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ትልቁን ደብዳቤዎን ሳልመልስ ያቺ ትንሿ ተከትላ ደረሰችኝ። መልሱ በዝቶ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በትንሿ ስለ እትዬ አሰለፈች ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። በበቅሎ ሳይሆን በፈረስ ነው የሚቀመጡት፤ ያውም እንደ ወንድ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ሲያነቡላቸው ግን መስማት ይወዳሉ። ዕድሜያቸውን ጠይቄ «ከጉና አንሳለሁ» ስላሉኝ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ የጠየቁኝ ለምንድን ነው?

ውረጂ ስላሉኝ ነገር፣ እባክዎን ጥቂት ይታገሡኝ። ሰሞኑን የሆነውን ላጫውትዎትና ከዚያ ይፍረዱ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዞን እንግዳው ሁሉ ከቤት ሳይወጣ ሰነበተ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ አባቶቹ የማይሠራ ስልካቸውን ያገላብጣሉ፤ እናቶቹ እኔን ይገላምጡኛል። አቶ አዳነ «በቃ፣ መኪና ጠርተው ሊሄዱ ነው» ብለው ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠዋል። እኔም እንቆቅልሹ አልቆብኛል።

ይህን ጊዜ እትዬ አሰለፈች በርኖሳቸው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ኮርቻ ተሸክመው ገቡ። ምንም ሳይናገሩ ኮርቻውን ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጫኑት። አንዲት የምታለቅስ ልጅ አንሥተው አስቀመጡና ልጓሙን አስያዟት።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሏት።

«ቤቴ!»

«ቤትሽ ሩቅ ነው፤ ከሄድሽ ሽምጥ ነው። እናንተ ምን ትጎለታላችሁ? ፈረሱ ያለ ኮቴ ይሄዳል እንዴ?»

ቤቱ በሙሉ በመዳፉ ጉልበቱን እየመታ ኮቴ ሆነ። መጀመሪያ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ሽምጥ። ልጅቷ እየሳቀች ባሕር ዳር ደረሰች፣ ሌላው ተነሥቶ ጎንደር ሄደ። በኋላማ አባቶቹ «እኔስ?» እያሉ ተሰለፉ። አንድም ሰው መኪና አልጠራም።

አባባ፣ እኔ በሰው ቤት ሆኜ ሰው ማስደሰት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። እትዬ አሰለፈች ሲስቁ እኔም ሳላስበው ራሴን ስስቅ አገኘዋለሁ። በር ሲንኳኳ መደንገጤን ከተውኩ ቆየሁ።

ዓይናለም


ከጉና ማረፊያ
ነሐሴ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንኳን ለጾመ ፍልሰታ በሰላም አደረሰዎት። ብርዱ እጄን ስላደነዘዘው ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅርታ። ለቡሄ እመጣለሁ ያልኩትም ሳይሳካ ሊቀር ነው፤ ሥራ በዝቷል። ሰሞኑን ከእንግዶች ጋር ወደ ላይ ወጥተን ጉም ይዞን ነበር፤ ሁሉም በሰላም ገብቷል። አያስቡ። እኔ ደኅና ነኝ።

ዓይናለም


ይፋግ
ነሐሴ 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዓይናለም፣

ፋንታው ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ ሻይ ሳይጠጣ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

«ዓይናለም እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት፣ ጋሼ።»

«ፋንታው፣ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ጆሮህን እንደምትነካ ረሳህ?»

እጁን ከጆሮው አወረደና ነገረኝ። እግርሽ መሰበሩን፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስደው ጄሶ እንዳደረጉልሽ፣ ተመልሰሽ እዚያው ብርድ ላይ እንደተኛሽ፣ ለእኔ እንዳይነግረኝ እንዳስማልሽው።

አልቆጣሽም። መቆጣትስ ፈልጌ ነበር፤ ብዕሬን ሳነሣ ጠፋብኝ። ግን ልለምንሽ። ክፉ ሲደርስብሽ «ክፉ ደረሰብኝ» ብለሽ ጻፊልኝ። አባት የሆንኩት መልካሙን ብቻ ልሰማ አይደለም። ደኅና ነኝ ስትዪኝ እንዳምንሽ፣ ደኅና ያልሆንሽ ቀን ንገሪኝ።

ፋንታው ይህን ዛሬ ያደርስልሻል። እኔ ነገ ጠዋት በሌላ መኪና እነሣለሁ። ይዤሽ ልወርድ ነው፤ አትከራከሪኝ።

አባትሽ


ከጉና ማረፊያ
ነሐሴ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም፣ ይፋግ

እግርሽ እንዴት ነው? ብዙነሽ ትራስ ደርባ ከፍ አድርጋ ታስቀምጥልሽ። አንቺን ለእሷ ትቼ ሳጥንሽን ላመጣ የተመለስኩት ለአንድ አዳር ነበር። ነገር ግን መንገዱን ደለል ዘጋው። ደለሉ ሲጠረግ ደግሞ ቡሄ ደረሰ፤ በበዓል ዋዜማ ከሰው ቤት መውጣት ደግ አይደለም። ስለዚህ ቆየሁ።

አንቺ ስለዚያ ቀን መናገር ስላልፈለግሽ ወይዘሮ አሰለፈችን ጠየቅኋት። ፈረስ እያበላች ነበር፤ ሥራዋን ሳታቋርጥ ነገረችኝ።

ከባሕር ዳር የመጣችውን እቴነሽን ከነባሏና ከነልጆቿ ይዘሽ እስከ ጅብራው ወጥተሽ ነበር። ስትመለሱ ጉሙ ወረደና የገዛ እጃችሁን እንኳ የማታዩ ሆናችሁ። ባልየው ልጆቹን ይዞ በግምት ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሲያመራ ሮጠሽ መለስሻቸው፤ እግርሽ ድንጋይ መሃል የገባው ያን ጊዜ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። «ተሰናክዬ» ነው ያልሽኝ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለችኝ። «ባምላኩን ከማረፊያው በላይ አቆምኩትና ጅራፉን ሳታቋርጥ አስጩህ አልኩት። በጉም ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ ጆሮ ግን ይሠራል። እኔ ፈረሶቹን ይዤ እየተጣራሁ ወጣሁ። ልጅዎ መለሰችልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «እግሬን! እግሬን!» ይላል። እሷ ግን «እትዬ፣ መጀመሪያ ልጆቹን» አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልጆቹን ጫንኩ። እናትና አባታቸው ጭራ ይዘው የጅራፉን ድምፅ ተከትለው ወረዱ፤ ፈረሱም መንገዱን ያውቃል። እኔ ከልጅቷ ጋር ቀረሁ። ባምላኩ ሌላ ፈረስ ይዞ እስኪመጣ በርኖሴን ለሁለት ለበስን። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደጉ ሰው ምን ሊቆጡ ነው የመጡት?»

ጭድ አንሥቼ ለፈረሱ ሰጠሁት። «እሱ በልቷል፣ ለወዲያኛው ይስጡ» አለችኝ።

ቡሄ እዚህ ያማረ ነበር። ጅራፉ ከዚህኛው ተረተር ሲጮህ ከወዲያኛው ይመልሳል። እንግዶቹና የአገሩ ሰው አብረው ችቦ አበሩ፣ ሙልሙል ተካፈሉ። አሰለፈች በነጭ ልብስ ዳማውን ፈረስ ተቀምጣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሽምጥ ስትጋልብ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ አየ። እኔም አየሁ። ብዙ ዘመን ልጆችን «ጉና የደቡብ ጎንደር ከፍተኛው ተራራ ነው» እያልኩ አስተምሬ ራሴ ወጥቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ሳጥንሽ በደኅና ተቀምጧል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እመጣለሁ።

አባትሽ


ይፋግ
ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እግሬ እየተሻለው ነው፤ ያሳክከኛል፣ ሌሊት ያመኛል፣ መቀመጥም ሰልችቶኛል። እንዳዘዙኝ ክፉውንም እየጻፍኩልዎት ነው።

ደብዳቤዎን ለአክስቴ ብዙነሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መሃል ላይ «ቆይ፣ ቆይ፣ ወደ ኋላ መልሺ» አለችኝ። መለስኩ።

«መጀመሪያ «ወይዘሮ አሰለፈች» አላለም?»

«ብለዋል።»

«እዚህ ጋ ስንደርስ «ወይዘሮ» የት ሄደ?»

«በፈረስ ሄዷል» አልኳት። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ የላኩልኝ ደብዳቤ ግን አላሳቀኝም። ግማሽ ገጽ ነው። «ዝናቡ አልቆመም፣ እኔ ደኅና ነኝ» ይላል። ፋንታው ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነው ይላል፤ ጆሮውንም አልነካም። የመምህር ይሻው ጽሕፈት እንደ ማተሚያ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህኛው ወደ ግራ ተንጋዷል። አባባ፣ ምን ሆነዋል? ክፉ ሲደርስብሽ ጻፊልኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?

ዓይናለም


ከጉና ማረፊያ
ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናለም፣

ይዘሽኛል። ያንን ደብዳቤ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። ቀኝ እጄ ወልቆ ነበር፤ ወጌሻ መለሰው። አሁን እንደምታዪው ጽሕፈቴ ቀጥ ብሏል።

የወደቅሁት ከፈረስ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ፈረስ ላይ እንዳወጣኝ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። ከእንግዶቹ ልጆች ጋር ኮርቻ ላይ መቀመጥ እየተማርኩ ነበር። ሶምሶማውን ጥሩ ይዤ ሳለ፣ አሰለፈች ቆማ እያየችኝ መሆኑን ሳይ እርካቡን ረገጥ አደረግሁት። ፈረሱ ሽምጥ ተነሣ። እኔ ቀረሁ። ሜዳው ረጥቦ ስለነበር ከእጄ በቀር አልተጎዳሁም፤ ክብሬን ካልቆጠርነው ማለት ነው። ሮጣ መጥታ መተንፈሴን ካረጋገጠች በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሰው እንዲያ በእኔ ሲስቅ አልሰማሁም። ሁሉም ያከብረኛል። ተከብሬ ነው የኖርኩት፤ ምሳዬንም ተከብሬ ብቻዬን ነው የምበላው።

እዚህ ሥራም አልፈታሁም። ዝናብ ሲሆን ለልጆቹ የከዋክብትና የወንዞች ታሪክ አወራለሁ። ርብና ጉማራ ከዚህ ከእግራችን ሥር ተነሥተው ጣና እንደሚገቡ ስነግራቸው፣ አንዷ «እንግዲያው እኛን ቀድመው ባሕር ዳር ይደርሳሉ» አለች። አቶ አዳነም «መምህር፣ የዓይናለምን ቦታ እርስዎ ይዘው ይቆዩልኝ» ይሉኛል። ሰው ማስደሰት ምን ዓይነት ሥራ ነው ብዬ አንቺን የጠየቅሁ ሰው፣ አሁን ሰው ሲስቅልኝ ቀኑ የተባረከ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ወረቀት ቀድጄ እንደገና ጀምሬዋለሁ። አሰለፈችን ምንም አልጠየቅኋትም። አስቀድሜ የምጠይቀው አንቺን ነው። የእናትሽ ቦታ የእናትሽ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም። ግን አንቺ ቅር የሚልሽ ከሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝና ሳጥንሽን ተሸክሜ በማግሥቱ እመጣለሁ። ቂምም አልይዝብሽም። እውነቱን ጻፊልኝ።

አባትሽ ይሻው


ይፋግ
መስከረም 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንኳን አዲሱ ዓመት መጣልዎት። ደብዳቤዎን ለአክስቴ ብዙነሽ አላነበብኩላትም። ብቻዬን አነበብኩትና አጠፍኩት።

እውነቱን ጻፊልኝ ስላሉኝ፣ መጀመሪያ ላይ ቅር አለኝ። የእማዬ ነጠላ የተሰቀለበትን ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ቀጥሎ ግን ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር አሰብኩ። ለእርስዎ ልንገርዎት።

ያን ቀን ልጆቹ ከወረዱ በኋላ፣ እኔና እትዬ አሰለፈች በርኖሱ ውስጥ ብቻችንን ቀርተን ነበር። እስከዚያ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። የጅራፉ ድምፅ ይሰማል፣ ዙሪያው ነጭ ነው፣ እግሬ ከእኔ የተለየ ይመስለኛል። ጅራፉ ሲቆም ልጆቹ እንደደረሱ አወቅሁና ማልቀስ ጀመርኩ። ኩዌት ሳለሁ ሌሊት ሌሊት፣ ድምፅ እንዳይወጣብኝ ትራስ ነክሼ እናቴን እጣራ ነበር፤ ማንም አይመልስልኝም። ያን ቀን ግን ትራስ አልነበረምና ጮህኩ።

«እማዬ!»

ማንን እንደምጣራ አውቀዋል። ሞኝ አይደሉም። እቅፋቸውን አጠበቁና፣

«አቤት» አሉኝ።

እንደገና ጠራሁ፤ እንደገና «አቤት» አሉኝ። ባምላኩ ፈረስ ይዞ እስኪደርስ፣ በጠራሁ ቁጥር አንድም ጊዜ ሳይሰለቹ መለሱልኝ።

አባባ፣ ይጠይቋቸው። ሌላ ሰው ሳይቀድምዎት።

ልጅዎ ዓይናለም


ከጉና ማረፊያ
መስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ፣

ጉና በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ገብሱም ያዘነብላል። ሰማዩ ስለጠራ እንግዳው በዝቷል፤ ሁሉም ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል። ባምላኩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እናወጣቸዋለን፤ ማንም ሰው ከዓይኔ እንዲርቅ አልፈቅድም።

ጠየቅኋት። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ «ለማን ነው የሚልኩት? አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እኔው አለሁ አይደል?» አለችኝ። ስለዚህ ከፈረሶቹ በረት ፊት ለፊት ቆሜ፣ አርባ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው፣ ቃል ጠፍቶኝ ተንተባተብኩ። እስክጨርስ ታግሣ ሰማችኝ።

«እኔ ከጉና አልወርድም» አለችኝ።

«ውረጂ ያለሽ ማን ነው?»

«ፈረስስ? ሳይወድቁ መቀመጥ ችለዋል?»

«ገና ነኝ።»

«እሱን ብጠብቅ አርጅቼ እሞታለሁ» አለችና ባልዲውን አስያዘችኝ። «በሉ፣ ውኃ ያምጡ። ከመስቀል በኋላ ይሁን።»

ልጄ፣ ይኸው ነው። የይፋጉ ቤት የአንቺም የብዙነሽም ነው፤ የእናትሽ ነጠላ ካለበት አይነሣ። ጄሶሽ ሲፈታ ፋንታው ሁለታችሁንም እስከ መኪናው መንገድ ማብቂያ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኛ ፈረስ ይዘን እንጠብቃችኋለን። ብዙነሽ «ፈረስ ሰው ይጥላል ወይ?» ብላ እንዳትጠይቅ አደራ። መልሱን እኔ በሰውነቴ አውቄዋለሁ።

ይህን ስጽፍ አሰለፈች አጠገቤ ቆማ «ምን አልክ? ምን አልክ?» እያለች ነው። አነበብኩላት። ያንቺንም ደብዳቤ ጨመርኩላት፤ ያንን የበርኖሱን ነገር ለእኔ እንደጻፍሽልኝ አላወቀችም ነበር። ከዚያ «እኔ ደግሞ ልጨምር፣ ጻፍልኝ» አለችኝ። እነሆ ቃሏን እንዳለ፦

«ዓይናለም፣ እዚህ ሩቅ ነው፤ ብትጣሪ አይሰማኝም። ቶሎ ነይና ከቅርብ ጥሪኝ።»